የአስቂኝ ድራማ ስህተቶችና የተደበቁ ቀልዶች ከየት ይመጣሉ?

በአንድ ትዕይንት ሙሉ የነበረ የቡና ሲኒ ከአፍታ በኋላ ባዶ ሆኖ ይታያል። ክንዱን አጣጥፎ ይናገር የነበረ ተዋናይ ካሜራው ከሌላ አቅጣጫ ሲያሳየው እጆቹን አውርዷል። ይህ በሙያው አጠራር የ"ኮንቲኒዩቲ" ወይም የትዕይንት ተያያዥነት ስህተት ይባላል።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1994 እስከ ግንቦት 2004 በአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ ቴሌቪዥን በ10 ምዕራፎችና በ236 ክፍሎች የቀረበው "ፍሬንድስ" የተሰኘው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ የእነዚህን ስህተቶች ምንጭ በግልጽ ያሳያል። በኒውዮርክ የሚኖሩ ስድስት ጓደኛሞችን ሕይወት የሚተርከው ድራማ የተቀረጸው በካሊፎርኒያ በርባንክ ከተማ በሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ፣ በአብዛኛው ተመልካች በተገኘበት ነበር።

በዚህ አሠራር አንዱን ትዕይንት በርካታ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ይቀርጹታል። ትዕይንቱም ተደጋግሞ ይሠራል፤ ተመልካቹ ያልሳቀበት ቀልድ ካለ ደራሲያኑ እዚያው ለውጠው ያቀርቡታል። ማን በየትኛው እጁ ምን እንደያዘ መዝግቦ የሚይዝ ባለሙያም አለ። ይሁን እንጂ ምርጡ ሳቅ በአንዱ ቀረጻ፣ ትክክለኛው ሲኒ ደግሞ በሌላው ቀረጻ ላይ ከተገኙ፣ አቀናባሪው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሳቁን ነው። በመሆኑም ስህተቱ ሁልጊዜ የቸልተኝነት ውጤት አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ስህተት የሚፈጠረው በጽሑፉ ላይ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሞኒካ ሬቸልንና ቻንድለርን ከዚህ ቀደም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ታስተዋውቃቸዋለች። በ3ኛውና በ5ኛው ምዕራፍ የቀረቡት ያለፈ ጊዜ ታሪኮች ግን ሁለቱ ከዓመታት በፊት ተገናኝተው እንደነበር ያሳያሉ። ደራሲያኑ ለየክፍሉ አዲስ ቀልድ ሲሹ ቀድሞ የተነገረውን ታሪክ ይለውጡታል።

አንዳንዱ ስህተት ግን ታርሟል። የሞኒካ መኖሪያ በር ቁጥር በመጀመሪያ 5 ነበር። ከመስኮቱ የሚታየው አካባቢ ቤቱ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ቁጥሩ ወደ 20 ተቀየረ።

ያልታሰበ አደጋም ታሪክ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጆይን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ማት ለብላንክ በቀረጻ ላይ ሳለ ትከሻው ወለቀ። በተከታዩ ክፍል ጆይ አልጋ ላይ ሲዘል እንደተጎዳ ተደርጎ ክንዱን በጨርቅ አንግቦ ቀረበ። የፊቢን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ሊሳ ኩድሮው በ4ኛው ምዕራፍ ስታረግዝም፣ ፊቢ የወንድሟን ልጆች በማሕፀኗ እንድትሸከም ተደረገ።

ከስህተቶቹ ጎን ለጎን አዘጋጆቹ ሆን ብለው የሸሸጓቸው ቀልዶችም አሉ። ስድስቱ ጓደኛሞች ሁልጊዜ የሚቀመጡበት የካፌ ሶፋ ለምን አይያዝም ለሚል ተመልካች፣ መልሱ ጠረጴዛው ላይ የሚታየው "የተያዘ" የሚል ትንሽ ምልክት ነው። በጆይና በቻንድለር በር ላይ የተሰቀለው የመሳያ ሰሌዳም በየጊዜው አዲስ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ይዞ ይታያል።

ኮርትኒ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተዋናይ ዴቪድ አርኬት ጋር ስትጋባ ደግሞ፣ በ6ኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል መግቢያ ላይ በሁሉም ተዋንያን ስም መጨረሻ "አርኬት" የሚል ተጨመረ።

ድራማው ሲጀመር አብዛኛው ተመልካች አንዱን ክፍል የሚያየው አንድ ጊዜ ነበር። ቪዲዮ ካሴት፣ ዲቪዲ፣ በኋላም በኢንተርኔት የሚቀርቡ የፊልም አገልግሎቶች ግን ምስሉን ማቆምና መመለስ ለማንም ቀላል አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ድራማው በሰፊ ምስል በብሉ ሬይ ሲወጣም፣ የቀድሞው ጠባብ ምስል ይቆርጣቸው የነበሩ የትዕይንቱ ጠርዞች ወደ እይታ መጡ። በዚህም በተዋንያን ምትክ የቆሙ ሰዎች ሳይቀሩ በአንዳንድ ትዕይንቶች ላይ ታዩ።

እንግዲህ ተመልካቹ ስህተት በሚፈልግበት ዓይን የተደበቀውን ቀልድም ያገኛል። ሲኒው ሳይሞላ ያለፈው ትዕይንት ዛሬም የሚያስቅ ከሆነ፣ የአቀናባሪው ምርጫ ትክክል ነበር ማለት ነው።