የተነፋ የእግር ደም ሥር ከታከመ በኋላ ይመለሳልን?

ማታ ከሥራ ገብታችሁ ጫማችሁን ስታወልቁ፣ ከጉልበት በታች እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሰማያዊ ሥር ጎላ ብሎ አይታችሁ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የምትቆመው የአምቦ መምህርት፣ በጉደር ከምጣድ አጠገብ የምትውለው እንጀራ ጋጋሪ፣ በጊንጪ ገበያ ቆማ የምትሸጠው ነጋዴ ሁሉ ያውቁታል። እግር ይከብዳል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ሌሊት ባትን ጨምድዶ ይይዛል። ብዙዎቻችን «ድካም ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሐኪሞች ግን ቫሪኮስ ይሉታል።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚወጣ በመሆኑ፣ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚያግዱ ትንንሽ ክዳኖች በደም ሥሩ ውስጥ አሉ። እነዚህ ሲላሉ ደሙ ይጠራቀምና ሥሩን ይነፋዋል። የዘር ዝንባሌ፣ ውፍረት፣ ለረጅም ሰዓት መቆምና በተለይም እርግዝና ያባብሱታል። በእርግዝና ጊዜ የወጣው ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙውን ጊዜ ስለሚቀንስ ለሕክምና መቸኮል አያስፈልግም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ በደጋው አገር የሚመጣው የእግር እብጠት ሌላ በሽታ ነውና ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

ቀደም ሲል ሕክምናው ብሽሽትን ቀድዶ ሥሩን መንቀል ነበር። ዛሬ ግን ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ፣ በቀጭን መርፌ ቀዳዳ ሽቦ መሰል መሣሪያ ያስገቡና ሥሩን ከውስጥ በጨረር ወይም በራዲዮ ሞገድ ሙቀት ይዘጉታል፤ አለዚያም አረፋ መሰል መድኃኒት ይወጉበታል። ታካሚዋ በዚያው ቀን በእግሯ ትሄዳለች። «ሥሬ ከተዘጋ ደሜ በየት ይሄዳል?» ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። አብዛኛውን ደም የሚመልሱት በጡንቻ መካከል ያሉት ጥልቅ ሥሮች ስለሆኑ፣ የታመመው ሲዘጋ ደሙ ወደ ጤነኞቹ ይዞራል። ስለዚህም ነው አስቀድሞ በአልትራሳውንድ መመርመር የግድ የሚሆነው። ጥልቆቹ ሥሮች ጤነኛ መሆናቸውን ሳያይ «ልዝጋልሽ» ለሚል ሰው እግራችሁን አትስጡ።

ዋናው ጥያቄ ግን ከዓመታት በኋላስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ከባኮ ተነሥታ አዲስ አበባ ድረስ ለምትሄድ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ለምትሰጥ እናት ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። በዴንማርክ አገር 500 ሕመምተኞች በአራት ዓይነት ሕክምና ተከፍለው ለአምስት ዓመት ታይተዋል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። በአረፋው ከታከሙት እግሮች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ የተዘጋው ሥር እንደገና ተከፍቷል፤ በጨረር፣ በራዲዮ ሞገድና በመንቀል የታከሙት ላይ ግን ከመቶ ስድስት ወይም ሰባት ያህሉ ብቻ ናቸው። ሆኖም በአራቱም ወገን በሌላ ቦታ አዲስ የተነፋ ሥር የወጣባቸው ጥቂት አልነበሩም። በብሪታንያ 798 ሰዎች የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናትም በጨረርና በቀዶ ጥገና የታከሙት ከአምስት ዓመት በኋላ በአረፋው ከታከሙት የተሻለ ኑሮ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል።

እንግዲህ መልሱ እንዲህ ነው፤ የታከመው ሥር ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ይቀራል፣ የበሽታው ዝንባሌ ግን አብሮን ይኖራል። ቀጣይ እርግዝናም አዲስ ሥር ሊያወጣ ስለሚችል፣ ተጨማሪ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት።

መልክን ለማሳመር ብቻ ከሆነ መታገሥ ይቻላል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ቆዳው ከጠቆረና ከደረቀ፣ ከዚያም አልፎ አልድን ያለ ቁስል ካለ ግን መቆየት ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 450 ሕመምተኞችን ያካተተ የብሪታንያ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቁስሉ በጠባቂ ፋሻ ከመታሰሩም በላይ ሥሩ ቶሎ ሲዘጋ ቁስሉ የሚድንበት አማካይ ጊዜ ከ82 ቀን ወደ 56 ቀን ወርዷል። ሃያ ስድስት ቀን ቆማ ለምትሠራ ሴት ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

የአምቦን ፍል ውኃ የምትወዱ ቅር አይበላችሁ እንጂ፣ እግርን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ሥሩን የባሰ ያሰፋዋል። ዋግምትና በምላጭ መብጣት ደግሞ ፈጽሞ አደገኛ ናቸው፤ የተነፋ ሥር ከተቆረጠ በብዛት ይደማል። ድንገት ቢደማ በጀርባ ተኝታችሁ እግራችሁን ከፍ አድርጉና በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ በገመድ አትሰሩት።

ታክማችሁ የምትመለሱ ደግሞ አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ወርዳችሁ ተራመዱ፤ ተቀምጣችሁም ሳለ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። አንዱ ባት በድንገት ቢያብጥና ቢያምማችሁ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።