ጎማ፣ አየርና ኩንታል፦ የጭነት ፒካፕ ሳይንስ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ መንገዶች

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን የሚወጣ፣ ከዚያም በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ የሚገባ ተሽከርካሪ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,280 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 3,130 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ወደ ግሼ የሚያልፈውም ከዚሁ ደጋ አይወርድም። ከሙከ ጡሪ በለሚ በኩል ወደ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሚጓዘው ደግሞ ወደ ጀማ ሸለቆ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወርዶ ማዶውን መልሶ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ገብስ፣ ማሾ፣ ማዳበሪያ፣ በግና የባሕር ዛፍ አጣና ከሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች መካከል የሥራ ፒካፖች ይገኙበታል። አንዳንዶቹ ከፋብሪካ እንደ ወጡ አልቀሩም፤ ባሌስትራ ተጨምሮላቸዋል፤ ስፖንዳቸው ከፍ ብሏል፤ የጭነት ቦታቸውም ወደ ኋላ ረዝሟል። ለመሆኑ እንዲህ የተለወጠ ፒካፕ ስንት ኩንታል ይሸከማል? ጎማውስ ምን ያህል አየር ይሞላ? ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «ባሌስትራው ካልተኛ ይችላል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ጭነት ሲበዛ አየር መጨመር ነው» የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ግማሽ እውነት ናቸው። ቀሪውን ግማሽ ለማግኘት ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የዘለለ ዕውቀት አያስፈልግም።

ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው

የጎማው ላስቲክና በውስጡ ያለው ሽቦ ብቻቸውን የሚሸከሙት ክብደት ጥቂት ነው። ዋነኛ ተግባራቸው የታመቀውን አየር መያዝ ሲሆን፣ ክብደቱን በአብዛኛው የሚደግፈው አየሩ ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት እንደ መሆኑ፣ ጎማው መሬት የሚነካበትን ስፋት በግርድፉ ማስላት ይቻላል። በአንድ ጎማ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም ቢያርፍ ኃይሉ 9,810 ኒውተን ነው። የጎማው ግፊት 4 ባር፣ ማለትም 400,000 ፓስካል ከሆነ፣ መሬት የሚነካው ስፋት 245 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ከአንድ የተማሪ ደብተር ገጽ ያነሰ ነው። ግፊቱ ወደ 2 ባር ቢወርድ ስፋቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ስፋቱ መጨመሩ በክረምት፣ የደጋው ጥቁር መረሬ አፈር በሚላቁጥበት ጊዜ፣ ጎማው እንዳይሰምጥ ይረዳል። ይሁንና ዋጋ ያስከፍላል። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ጎኑ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። አየሩ ሲያንስና ጭነቱ ሲበዛ መታጠፉ ይበረታል፤ መታጠፍ ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከሽቦውና ከክሩ ያላቅቀዋል። ስለዚህ በጭቃ ላይ ዝቅ የተደረገ ግፊት ለዝግታ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ተሽከርካሪው ወደ አስፋልት ሲመለስ እንደገና መሞላት አለበት።

በሌላው ጫፍ አየሩ ከልክ በላይ ሲበዛ መሬት የሚነካው ስፋት ይጠባል፤ ጎማው ከመሐሉ ይበላል፤ ሹል ድንጋይም በቀላሉ ይቆርጠዋል።

የመለኪያው ንባብና የደጋው አየር

የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ግፊት ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል፤ በሸዋ ሮቢት 0.87 ባር ገደማ ሲሆን፣ በመሐል ሜዳ 0.69 ባር ገደማ ነው።

አንድ ጎማ በሸዋ ሮቢት በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ 4 ባር ተሞላ እንበል። በውስጡ ያለው ፍጹማዊ ግፊት 4.87 ባር ነው። ጎማው በዚያው ሙቀት መሐል ሜዳ ቢደርስ፣ የውጭው አየር ስለ ሳሳ ብቻ መለኪያው 4.18 ባር ያነብባል። ሌሊቱን አድሮ በጠዋት የጎማው ሙቀት ወደ 7 ዲግሪ ቢወርድስ? የጎማው ይዘት አልተለወጠም ካልን ግፊቱ ከፍጹማዊ ሙቀት ጋር አብሮ ይወርዳል፤ 4.87 በ280 ተባዝቶ ለ300 ሲካፈል 4.55 ይሆናል። ከዚህ ላይ 0.69 ሲቀነስ መለኪያው 3.86 ባር ያሳያል። ከፍታው ንባቡን ወደ ላይ ሲስበው ብርዱ ወደ ታች ይስበዋል፤ በዚህ ምሳሌ ብርዱ አሸነፈ።

በተገላቢጦሽ፣ በመሐል ሜዳ ብርድ በ7 ዲግሪ 4 ባር የተሞላ ጎማ ወደ ቆላ ወርዶ፣ በጉዞ ብዛት ውስጡ 47 ዲግሪ ቢደርስ፣ በሸዋ ሮቢት 4.5 ባር ገደማ ያነብባል። ይህን አይቶ «አየር በዝቶበታል» በሚል ከጋለ ጎማ ላይ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ጎማው ከሚገባው በታች ሆኖ ይገኛል። የአየር ልክ መታየት ያለበት ከጉዞ በፊት፣ ጎማው እንደ ቀዘቀዘ ነው።

ኩንታሉ የተጫነው የት ላይ ነው?

ስሌቱን ለማቅለል አንድ ምናባዊ ፒካፕ እንውሰድ። በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 3.2 ሜትር ነው፤ ባዶውን ሲቆም የፊቱ አክስል 1,200፣ የኋላው 1,000 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ጎማዎቹ አራት ሲሆኑ፣ በጎናቸው ላይ 114 የሚል የጭነት ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ይህ ቁጥር በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መሠረት አንድ ጎማ ቢበዛ 1,180 ኪሎ ግራም እንዲሸከም የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

አሥር ኩንታል ገብስ፣ የስበት ማዕከሉ ከኋላ አክስል 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት እንዲሆን ተደርጎ ቢጫን፣ በመፈንቅል ሕግ መሠረት 938 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ኋላ፣ 62 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ፊት ይከፈላል። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 969 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ይህ በልኩ ውስጥ ነው።

አሁን የጭነት ቦታው ረዝሞ፣ ጭነቱም ወደ 16 ኩንታል አድጎ፣ የስበት ማዕከሉ ከኋላ አክስል 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጣ እንበል። የባሕር ዛፍ አጣና ጫፉ ከኋላ ተርፎ ሲጫን የሚሆነው ይኸው ነው። በኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 1,600 ሳይሆን 1,900 ኪሎ ግራም ነው! ትርፉ 300 ኪሎ ግራም የመጣው ከፊት ነው፤ የፊቱ አክስል ከ1,200 ወደ 900 ኪሎ ግራም ቀልሏል። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 1,450 ኪሎ ግራም ተሸክሟል፤ መሪውን የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ደግሞ መሬቱን በቅጡ አልጨበጡም። በዳገት ላይ ክብደት ይበልጥ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ መሪው የሚቀለው መንገዱ እየተጠማዘዘ በሚወጣበት በዚያው ቦታ ነው።

ስፖንዳ ከፍ ሲል የስበት ማዕከሉም ከፍ ስለሚል፣ ተሽከርካሪው በኩርባ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። ጭነቱ በግ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ በጎቹ በዳገት ወደ ኋላ፣ በኩርባ ወደ ጎን ይገፋፋሉና ክብደቱ ባለበት አይረጋም። በመካከሉ ማገጃ ማበጀት ይህን ይቀንሳል።

ባሌስትራ መጨመር ምን ይለውጣል?

የተጨመረ ባሌስትራ ፒካፑ እንዳይተኛ ያደርጋል። ነገር ግን ፍሬኑን አያጠነክርም፤ የአክስሉን፣ የኩሽኔታውንና የሻንሲውን አቅም አያሳድግም፤ የጎማውንም 1,180 ኪሎ ግራም ወደ 1,450 አይለውጥም። እንዲያውም የፋብሪካው ባሌስትራ ሲተኛ ለሾፌሩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይደብቃል። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የተሽከርካሪ አቅምም የሚወሰነው በደካማው ክፍል ነው።

አየር መጨመርም ወሰን አለው። የጎማ የመሸከም አቅም ከግፊት ጋር የሚያድገው በጎማው ላይ እስከ ተጻፈው ከፍተኛ ልክ ድረስ ብቻ ነው። ለ1,450 ኪሎ ግራም የሚሆን የአየር ልክ በዚያ ጎማ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ ከልኩ በላይ መሙላትም አዲስ አቅም አይፈጥርም።

ቁልቁለቱ ሒሳቡን ያወራርዳል

የአቅም ማለፍ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በቁልቁለት ነው። 3,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ሲወርድ 31 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ይለቅቃል። የሞተሩ እገታ፣ የአየሩና የጎማው ሰበቃ ካልቀነሱለት በቀር ይህ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ኩንታል በበኩሉ 1 ሜጋ ጁል ገደማ ያክልበታል፤ ይህም ሦስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ፍሬን ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይዳከማል፤ ሙቀቱም በቸርኬው በኩል ቀድሞ ወደ ጋለው ጎማ ይተላለፋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በከባድ ማርሽ መግባት ይገባል። በጭነት ላይ ሰው የተሳፈረ እንደ ሆነ አደጋው የንብረት ብቻ አይሆንም።

በተግባር

የተነሣንበት ጥያቄ መልስ ቅደም ተከተል አለው፤ ክብደት መጀመሪያ፣ አቀማመጥ ቀጥሎ፣ አየር በመጨረሻ።

1. ክብደትን ማወቅ። በተሽከርካሪ ሚዛን ላይ በቅድሚያ የፊቱን አክስል ብቻ፣ ቀጥሎ ሙሉውን ተሽከርካሪ መመዘን ነው፤ ልዩነቱ የኋላውን ይሰጣል። ሚዛን በሌለበት ኩንታሉን መቁጠር ይቻላል፤ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ ስኮርታ ጎማውንና የተጨመረውን ብረት ግን መርሳት አይገባም።

2. አቀማመጥን ማስተካከል። ከባዱን ከታች፣ ከኋላ አክስል ወደ ፊት ማድረግና እንዳይንሸራተት ማሰር።

3. አየርን ከክብደቱ ጋር ማመጣጠን። ትክክለኛው መመሪያ በበሩ ዘንግ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍና የጎማው ፋብሪካ ሠንጠረዥ ነው። ለግምት ያህል፣ ጎማው በ4.5 ባር 1,180 ኪሎ ግራም የሚሸከም ቢሆን፣ ለ969 ኪሎ ግራም 3.7 ባር ገደማ ይበቃዋል። ጭነቱ ሲራገፍ ግፊቱ ሊቀንስ ይችላል፤ በበሩ ላይ ከተጻፈው በታች ግን መውረድ የለበትም።

4. የጎማውን ዕድሜ ማየት። በጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ላስቲክ ቆሞም ቢሆን ያረጃል።

ፒካፕ የሌለው ተማሪ ይህን ሁሉ በብስክሌት ሊፈትን ይችላል። ጎማውን ቀለም ቀብቶ በካሬ ወረቀት ላይ ማሳረፍ፣ የታተመውን ስፋት መቁጠርና በመለኪያው ግፊት ማባዛት ነው። ውጤቱን በዚያው ጎማ ላይ ካረፈው ክብደት ጋር ሲያነጻጽረው ይቀራረባሉ፤ ልክ በልክ ግን ላይገጥሙ ይችላሉ። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ መመርመር ለአንባቢው የተተወ የቤት ሥራ ነው።