ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በፈተና ውጤት እንጂ በቃለ መጠይቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ አገር አቀፉን ፈተና ይወስዳል፣ ያለፈውን በአብዛኛው ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦርም ሆነ በንፋስ መውጫ ያለ ተማሪ ጉልበቱን ሁሉ ለምርጫ ጥያቄ ቢያውል አይፈረድበትም። የሚቸገረው በውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ሲሞክርና ከሰው ፊት ተቀምጦ መናገር ግድ ሲሆንበት ነው።

ጠያቂዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሃርቫርድና ዬል አመልካቾችን የሚያነጋግሩት በአብዛኛው በቀድሞ ተማሪዎቻቸው በኩል ነው፤ ጨዋታው በተማሪው ሕይወትና ፍላጎት ላይ ያተኩራል። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ የሚጠይቁት መምህራኑ ራሳቸው ናቸው። አመልካቹ አይቶት የማያውቀውን ጥያቄ አቅርበው እንዴት እንደሚያስብ ያዳምጣሉ። ስለዚህ ዝም ብሎ መልስ ከመፈለግ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ደረጃ በደረጃ መናገር ይሻላል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ ከዚህ ሌላ በአዲስ አበባው ኤምባሲ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል። እሱ አጭር ነው፤ ይህን ትምህርት ቤት ለምን መረጥህ፣ ወጪህን ማን ይሸፍናል፣ ከዚያ በኋላስ ምን ልትሠራ አስበሃል የሚሉት ጥያቄዎች ይበዙበታል።

በቃል መጠየቅ ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ የሚመጣው ደቀ መዝሙር ዜማውን በመምህሩ ፊት አሰምቶና ታርሞ ይመሰከርለታል። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው በየኔታ ፊት የሚያቀርበው ቅኔ የራሱና አዲስ መሆን አለበት፤ ከሌላ የተወሰደ ቅኔ አይቆጠርለትም። የቃለ መጠይቅ ዝግጅትም መያዝ ያለበት የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ነው። ከበይነ መረብ የተሸመደደ መልስ ጠያቂው አንድ ተከታይ ጥያቄ እንደጨመረ ይፈርሳል። የሚጠናው ነጥቡ ነው፤ ቃላቱ በየጊዜው ቢለያዩ ግድ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው የአስተዳደግ ጉዳይ ነው። በደጋው አገር በትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትና ድምፅን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው፤ ራስን ማሞገስ ያስነውራል። ይህን የማያውቅ ጠያቂ ግን ዝምታውን ካለማወቅ ይቆጥረዋል። ለዚህ ሲባል ጉራ መልመድ አያስፈልግም። የሠሩትን እንደ ምስክር መናገር ይበቃል፦ ምን እንደተደረገ፣ ለምን፣ ምን ውጤት እንደመጣ። «እኛ» የሚለውን ለምዶ የራሱን ድርሻ የሚሸፍን ተማሪ «እኔ የሠራሁት ይህን ነው» ማለትን መለማመድ አለበት።

ብዙዎች የክበብ አባልነትና ሽልማት ስለሌላቸው የሚነገር ነገር የለንም ይላሉ። ትልቅ ስሕተት ነው። ከትምህርት መልስ ከብት መጠበቅ፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ በቤተሰብ ድንች ማሳ መሥራት ኃላፊነትን የሚያሳይ ሥራ ነው። የአካባቢው ተፈጥሮም የሚነገር ነገር ይሰጣል፦ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን የርብና የጉማራ ወንዞች ከእሱ ተነሥተው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የጉናን አፈር ጎርፍ ሲወስደው እያየ ያደገ ተማሪ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ መልስ አለው። ምሕንድስና የሚመኝም አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ መሆኑን ያስታውስ።

ልምምዱ ከእንግሊዝኛ መምህር ወይም ከጓደኛ ጋር በድምፅ ይሁን፤ በስልክ ቀድቶ ማዳመጥም ይረዳል። ለጠያቂው የሚቀርቡ ሁለት ሦስት ጥያቄዎችም ይዘጋጁ፤ ምንም አለመጠየቅ ፍላጎት ማጣት ይመስላል።

ቃለ መጠይቁ በበይነ መረብ ከሆነ ሰዓቱን ማጣራት ያሻል። በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር ከቀኑ 15 ሰዓት የተባለው በእኛ 9 ሰዓት ነው፤ የለንደን ወይም የቦስተን ሰዓት ከተጻፈ ልዩነቱ ሌላ ነው። የልደት ቀንም በፓስፖርቱና በማመልከቻው ላይ አንድ መሆን አለበት፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መብራትም ይጠፋል። መስመሩ የሚያሰጋው ተማሪ አስቀድሞ ለዩኒቨርሲቲው ጽፎ ያሳውቅ፣ በስልክ መነጋገር ወይም ወደ ሌላ ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነም ይጠይቅ።