የፕኖም ፔን ጉዞና የ«ዘር ማጥፋት» ትርጉም

የካምቦዲያን ዋና ከተማ ፕኖም ፔንን የሚጎበኝ መንገደኛ ሁሉ ከሁለት ቦታዎች አያመልጥም። አንደኛው በከተማዋ መካከል የሚገኘው የቱዎል ስሌንግ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የቹንግ ኤክ የጅምላ መቃብር ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ በሐምሌ 2025 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። እኔም ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ወደዚያ የሄድኩት እነዚህን ለማየት ነው። ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ ግን ያየሁት ነገር ብቻ አይደለም። ካየን በኋላ የተነሳው አንድ የሕግ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄው ደግሞ የካምቦዲያውያን ብቻ አይደለም።

አራታችንም በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነን። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ እኔ ደግሞ የሕግ ሰው። እንደ ወጣት ፈረንጅ ልብሳችንን በጀርባ ቦርሳ ሸክፈን፣ በባንኮክ በኩል አድርገን፣ ርካሽ ማረፊያ እየጠየቅን ነው የዞርነው። ፕኖም ፔን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የምትመች ከተማ ናት። ቶንሌ ሳፕ እና ሜኮንግ የሚባሉት ወንዞች እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይገናኛሉ። በወንዙ ዳር ከመሸ በኋላ ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ገበያው በሀገሪቱ ገንዘብ በሪኤልም በአሜሪካን ዶላርም ይሠራል። እኛ ባጃጅ የምንለውን እነርሱ ቱክቱክ ይሉታል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ከተማዋ በአንድ ወቅት ጭር ብላ እንደነበር ለማመን ይቸገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔራል ሎን ኖል እ.ኤ.አ በመጋቢት 1970 ልዑል ሲሃኑክን ከሥልጣን ካወረዱ በኋላ ካምቦዲያ የርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች። አሜሪካ ከ1969 እስከ 1973 የሀገሪቱን ገጠር በአውሮፕላን ደብድባለች። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 17 ቀን 1975 (በእኛ ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም) ክመር ሩዥ በመባል የሚታወቁት ኮሙኒስቶች ከተማዋን ያዙ። እኛ ዘንድ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ሰባት ወሩ ነበር። ክመር ሩዦች በገቡበት ቀን ነዋሪውን በሙሉ፣ ሆስፒታል የተኛውን በሽተኛ ሳይቀር፣ ከከተማ አስወጥተው ወደ ገጠር ነዱት። በጦርነቱ ምክንያት ከየገጠሩ ከተሰደደው ጋር ሁለት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ነበር። ገንዘብ ተሰረዘ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሃይማኖት ተከለከለ። አገዛዙ የወደቀው የቬትናም ጦር እ.ኤ.አ ጥር 7 ቀን 1979 ፕኖም ፔን ሲገባ ነው። በእኛ አቆጣጠር የገና ዕለት መሆኑ ነው። በእነዚያ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከስምንት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚሆነው በግድያ፣ በረሃብ፣ በሥራ ብዛትና በበሽታ እንዳለቀ ይገመታል።

ቱዎል ስሌንግ ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ክመር ሩዦች «ኤስ 21» የሚል ስም ሰጥተው እስር ቤት አደረጉት። የመማሪያ ክፍሎቹ በጡብና በእንጨት እየተከፋፈሉ አንድ ሰው እንኳ እግሩን ዘርግቶ የማይተኛባቸው ጠባብ ክፍሎች ሆነዋል። በአንደኛው ሕንፃ በረንዳዎች ላይ የእሾህ ሽቦ ተወጥሯል፣ እስረኞች ከፎቅ ዘለው ራሳቸውን እንዳያጠፉ ነው። ግቢው ውስጥ 14 ነጫጭ መቃብሮች አሉ። ቬትናሞች ሲገቡ አስከሬናቸው የተገኘው የመጨረሻዎቹ ሟቾች ያረፉባቸው ናቸው።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚይዘው ግን ፎቶግራፉ ነው። እያንዳንዱ እስረኛ ሲገባ ፎቶ ይነሳ ነበር። ከዚያም የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ፣ በድብደባም የሲአይኤ፣ የኬጂቢ ወይም የቬትናም ሰላይ መሆኑን እንዲያምን ይደረግ ነበር። የሚያምነው ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ በፋይል ይቀመጣል። ከዚያ ይገደላል። አብዛኞቹ የተገደሉት ወደ ቹንግ ኤክ ተወስደው ነው። ቹንግ ኤክ ላይ 129 የጅምላ መቃብሮች ተለይተው 86ቱ ተቆፍረዋል፣ 8,985 አስከሬንም ወጥቷል። የቀሩት እንዳሉ ተትተዋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጨርቅና አጥንት ከመሬት ብቅ ይላል፣ የቦታው ሠራተኞችም ይለቅሙታል። እ.ኤ.አ በ1988 በተሠራው ከፍ ያለ የመታሰቢያ ሐውልት ውስጥ የራስ ቅሎቹ በመስታወት ተደርድረው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ነው ሐኪሙ ጓደኛችን የጠየቀኝ። የእርሱ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። «አንተ የሕግ ሰው ነህ» አለኝ፣ «እዚህ የተገደሉት ገዳዮቻቸው ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ሃይማኖት ያላቸው፣ አንድ ሕዝብ ናቸው። በሕግ ዘር ማጥፋት ይባላል ወይ? የእኔስ ወንድም ነገር ምን ተብሎ ነው የሚጠራው?»

መልሱ አጭር አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ እንደሚከተለው ለማብራራት እሞክራለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ በ1948 ያወጣው የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት ጥበቃ የሚያደርገው ለአራት ዓይነት ቡድኖች ነው። እነርሱም በዜግነት፣ በጎሳ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት የተለዩ ቡድኖች ናቸው። ወንጀሉ ተፈጽሟል ለማለት ደግሞ ብዙ ሰው መሞቱ ብቻ አይበቃም። ገዳዩ ቡድኑን፣ ቡድን በመሆኑ፣ በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት አስቦ እንደነበር መረጋገጥ አለበት። የፖለቲካ ቡድኖች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እ.ኤ.አ በ1946 የወጣው የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ አካቷቸው ነበር። በ1948 ግን በሶቭየት ኅብረትና በሌሎች መንግሥታት ተቃውሞ ምክንያት ከረቂቁ ወጡ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ተቃዋሚዎቹን ያላሰረና ያልገደለ መንግሥት በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር።

ካምቦዲያ ውስጥ ከሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የቆየ አንድ ችሎት እ.ኤ.አ በነሐሴ 1979 ፖል ፖትንና ኢየንግ ሳሪን በሌሉበት «በዘር ማጥፋት» ጥፋተኛ ብሎ ሞት ፈርዶባቸው ነበር። ተከላካይ ጠበቆች ሳይቀሩ ደንበኞቻቸውን ያወገዙበት ችሎት ስለነበር ዓለም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ፖል ፖት እ.ኤ.አ በ1998 ተገቢው ፍርድ ቤት ፊት ሳይቀርብ ሞተ። በመንግሥታቱ ድርጅትና በካምቦዲያ ስምምነት የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ2006 ነው። በሥር ችሎቱ ሦስት ካምቦዲያውያንና ሁለት የውጭ ዳኞች ይቀመጡ ነበር፣ ለጥፋተኝነት ውሳኔም ቢያንስ የአራቱ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት እስከ ፍርድ ያደረሰው ሦስት ሰዎችን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የኤስ 21 ኃላፊ የነበረው፣ ቀድሞ የሒሳብ መምህር የሆነው ዱች ነው። በእርሱ ሥር የተገደሉት ከ12,272 እንደማያንሱ ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2010 የ35 ዓመት እስራት፣ በ2012 በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፣ በ2020 ሞተ። ነገር ግን የተፈረደበት በዘር ማጥፋት አልነበረም። በስብዕና ላይ በተፈጸመ ወንጀልና በጦር ወንጀል ነበር። ብዙዎቹ የኤስ 21 ሟቾች ራሳቸው የክመር ሩዥ አባላት የነበሩና በድርጅቱ የተጠረጠሩ ሰዎች ናቸው። በ1948ቱ ስምምነት ዓይን የፖለቲካ ሰለባዎች እንጂ የዘር ሰለባዎች አይደሉም።

ሁለቱ የድርጅቱ ቁንጮዎች ኑዎን ቼያ እና ኪዩ ሳምፋን እ.ኤ.አ በኅዳር 2018 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ሁለቱም የተፈረደባቸው በቬትናማውያን ላይ ለተፈጸመው ነው። ቻም በሚባሉት ሙስሊሞች ላይ ለተፈጸመው ደግሞ ኑዎን ቼያ ብቻውን ተፈርዶበታል። ኑዎን ቼያ ይግባኙ ሳይወሰን በ2019 ሞተ፣ የኪዩ ሳምፋን ጥፋተኝነት ግን በመስከረም 2022 ጸና። የቀረው እጅግ የሚበዛው የክመር ሕዝብ ሞት በስብዕና ላይ የተፈጸመ ወንጀል ተብሏል። ዓለም በሙሉ «የካምቦዲያ ዘር ማጥፋት» የሚለው ዕልቂት በሕግ ዓይን ሲታይ በአብዛኛው ሌላ ስም አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ወንድም ልመለስ። ኢትዮጵያ የ1948ቱን ስምምነት በማጽደቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሀገር ናት፤ ጊዜውም 1941 ዓ.ም ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 281 ከስምምነቱ አልፎ ሄዶ የፖለቲካ ቡድንንም ጥበቃ ውስጥ አስገባ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የደርግ ባለሥልጣናትን የከሰሰው በዚሁ አንቀጽ ነው። ተከሳሾቹ ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠብቅም ብለው ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱ ግን ሀገር በራሷ ሕግ ከስምምነቱ የሰፋ ጥበቃ ብትሰጥ የሚከለክላት የለም ብሎ ተቃውሞውን ውድቅ አደረገው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት፣ ሌሎችም በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ የተሰጠ እንጂ ሙሉ ስምምነት የነበረበት አልነበረም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 269 የፖለቲካ ቡድንን እንደያዘ ቀጥሏል።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። የወንድምህ ግድያ አዲስ አበባ ላይ ዘር ማጥፋት ነው፣ ፕኖም ፔን ላይ ቢሆን ኖሮ በስብዕና ላይ የተፈጸመ ወንጀል ይባል ነበር። ሦስተኛም አለ። በ1970 ዓ.ም ጎጃም ውስጥ 75 እስረኞች እንዲገደሉ ያዘዘው የደርግ ሹም እሸቱ ዓለሙ እ.ኤ.አ በ2017 ሄግ ላይ ሲፈረድበት የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት የጦር ወንጀል ብሎታል። ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ነበር። ያው ቀይ ሽብር፣ ያው ዘመን፣ እንደ ችሎቱ የተለያየ ስም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለሕግ ተማሪዎች ፈተና እንዲሆን አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ባለፉት ዓመታት በየአካባቢው ያለቁት ወገኖቻችን ሞት አንድ ቀን ችሎት ፊት ይቀርባል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያው ግን ሁላችንም የራሳችንን ሟች «ጄኖሳይድ»፣ የሌላውን ሟች «ግጭት» ማለት ለምደናል። በስም እየተሟገትን ማስረጃው ይጠፋል። ምስክሮች ያረጃሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ይሞታሉ። መቃብሩ ላይ ቤት ይሠራበታል።

የካምቦዲያ ልምድ የሚያስተምረው ስሙ ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል ነው። አርባ ዓመት ገደማ ወስዷል። ማስረጃው ግን አልዘገየም። ከ1979 ጀምሮ የእስር ቤቱ ወረቀትና ፎቶግራፍ ተጠብቆ ነበር። እ.ኤ.አ በ1995 ሥራ የጀመረው የካምቦዲያ የሰነድ ማዕከልም ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ ከዓመታት በፊት ሰነድ ይሰበስብ፣ የጅምላ መቃብሮችን በካርታ ይመዘግብ ነበር። የቱዎል ስሌንግ መዛግብት እ.ኤ.አ በ2009 በዩኔስኮ የዓለም መዝገበ ትውስታ ውስጥ ገብተዋል፣ በኋላም በዲጂታል መልክ ለሕዝብ ቀርበዋል። ዱች ፍርድ ቤት ሲቀርብ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ጠበቀው።

እኛስ? በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከተከፈተ ቆይቷል፣ ያላየ ሰው ቢያየው ይጠቀማል። ነገር ግን ሙዚየም ብቻውን አይበቃም። በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ የቀይ ሽብር ክሶች መዛግብት ለተመራማሪውና ለሟች ቤተሰብ በሥርዓት ክፍት መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ በቅርቡ ለተፈጸሙት ግድያዎች ፍርዱ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የሟች ስም፣ ቀንና ቦታ ዛሬ መመዝገብ አለበት፣ ያውም የየትኛው ወገን ሟች ነው ሳይባል። ሦስተኛ፣ የጅምላ መቃብር የተባለ ቦታ ሁሉ በባለሙያ ሳይመረመር እንዳይነካ በሕግ መታገድ ይኖርበታል። ስሙን፣ ዘር ማጥፋት ይሁን ሌላ፣ ዳኛው ያወጣል። ዳኛው የሚፈርደው ግን እኛ ያቆየንለትን ይዞ ነው።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። የጓደኛዬ ቤተሰብ ከወንድሙ የቀረው አንድ ፎቶግራፍና የተወሰደበት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ የሚሞቱት ልጆቻችን ከዚህ የተሻለ መዝገብ ይገባቸዋል።

ቸር ይግጠመን!