የካርቦን አይሶቶፕና የተምቤን የኖራ ድንጋይ፦ ቅሪተ አካል የሌላቸውን ንብርብሮች ማዛመድ

በተለያዩ አህጉራት የሚገኙ የዝቃጭ ዓለት ንብርብሮች በአንድ ዘመን መፈጠራቸው በአብዛኛው የሚታወቀው በያዙት ቅሪተ አካል ነው። ከ540 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በተፈጠሩ ንብርብሮች ግን ለዕድሜ መለያ የሚያገለግል ቅሪተ አካል እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጊዜ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቀረው የካርቦን አይሶቶፕ ምጥጥን ተተኪ መዝገብ ይሆናል።

በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን 99 በመቶ የሚጠጋው ካርቦን-12፣ ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን-13 ነው። ብርሃን አስተጻምሮ የሚያካሂዱ ሕያዋን ቀላሉን ካርቦን-12 አብልጠው ይወስዳሉ። ቅሪታቸው በብዛት ሲቀበር በባሕር ውሃ ውስጥ የካርቦን-13 ድርሻ ከፍ ይላል፤ ቀብሩ ሲቀንስ ድርሻው ይወርዳል። የኖራ ድንጋይም ሲዘቅጥ የወቅቱን ውሃ ምጥጥን ይዞ ይቀራል። ካርቦን በውቅያኖስ የሚቆይበት ጊዜ ውሃው ተዘዋውሮ ከሚቀላቀልበት ጊዜ ስለሚረዝም፣ ለውጡ በየባሕሩ በተቀራራቢ ጊዜ ይመዘገባል ተብሎ ይታሰባል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛው፣ ከድንጋዩ መፈጠር በኋላ ከአፈር ካርቦን ይዞ የሚሰርግ የዝናብ ውሃ የመጀመሪያውን ምጥጥን ዝቅ ሊያደርገው መቻሉ ነው። ሁለተኛው የአመክንዮ ችግር ነው፤ ኩርባዎችን በመመሳሰላቸው ብቻ አዛምዶ፣ መልሶ ያንኑ ማዛመድ ለለውጡ ዓለም አቀፍነት ማስረጃ ማድረግ በክብ መዞር ይሆናል። ከዚህ የሚያወጣው ከኩርባው ነጻ የሆነ ዕድሜ ነው።

በትግራይ የሚገኘው የተምቤን የንብርብር ስብስብ ለዚህ ፈተና ተስማሚ የሆነው በዝቃጮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ስላሉት ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ዚርኮን በዩራኒየም–እርሳስ ዘዴ ዕድሜው ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በስብስቡ የታችኛው የኖራ ድንጋይ ላይ የሚታየውን ዝቅተኛ የካርቦን-13 መጠን፣ በአውስትራሊያው ቢተር ስፕሪንግስ ስም ከሚጠራው የምጥጥን መውረድ ጋር አዛምዷል። በሰሜን ምዕራብ ካናዳ የተገኘው የአመድ ዕድሜ መውረዱ ከ811.5 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ መጀመሩን፣ የተምቤኑ ደግሞ ከ788.7 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ማብቃቱን ያሳያል።

እነዚህ ዕድሜዎች ለውጡ ዓለም አቀፍ ነበር የሚለውን ትርጓሜ ያጠናክራሉ። ሆኖም በሁለቱ መካከል 23 ሚሊዮን ዓመታት የሚጠጋ ርቀት ስላለ፣ መውረዱ በየአህጉሩ በአንድ ቅጽበት ጀመረ ለማለት አያስችሉም። ስለዚህ የአይሶቶፕ ኩርባ የማዛመጃ መላምት ያቀርባል፤ መላምቱን የሚፈትነው በንብርብሮቹ መካከል የተገኘው አመድ ነው።