የቪታሚን «መጥፋት»፦ ለሁለት ነገር አንድ ግስ

ስለ ምግብ አበሳሰል በሚተረጐሙ ጽሑፎች «ቪታሚኑ ይጠፋል» የሚለው አነጋገር ተዘውትሮ ይገኛል። በዚህ አንድ ግስ ሥር ግን ሁለት የተለያዩ ክንውኖች ተደባልቀዋል።

አንደኛው መሟሟት ነው። ቪታሚን ሲና የቢ ቪታሚኖች በውሃ ስለሚሟሙ፣ ጎመን በብዙ ውሃ ሲቀቀል በከፊል ከቅጠሉ ወጥተው ወደ ውሃው ይገባሉ።

ሁለተኛው መፍረስ ነው። ቪታሚን ሲ በሙቀትና በአየር ኦክሲጅን ይፈርሳል፤ ቪታሚን ቢ2 ሙቀትን ቢቋቋምም በብርሃን ይፈርሳል። የበሰለው ምግብ እስኪቀርብ ድረስ በሙቀት ሲቆይም የቪታሚን ሲ መፍረስ ይቀጥላል። ለዚህ «መበስበስ» የሚለው ቃል የምግቡን መበላሸት ስለሚያስታውስ አይመረጥም።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ ምክሩም ይለያያል። ለሚሟሟው መፍትሔው ውሃውን ማሳነስና መረቁን ሳይደፉ ከምግቡ ጋር መመገብ ሲሆን፣ ለሚፈርሰው የማብሰያውን ጊዜ ማሳጠርና ሳይቆይ ማቅረብ ነው። ተርጓሚው ለሁለቱም «ይጠፋል» ቢል፣ አንባቢው ሊተርፍ የሚችለውን ቪታሚን ከውሃው ጋር ይደፋዋል።

ስለዚህ «ሟሟ» እና «ፈረሰ» እያንዳንዳቸው በየቦታቸው፣ «ቀነሰ» ደግሞ ለሁለቱ ጠቅላላ ውጤት ቢያገለግሉ ይመረጣል።