ጠበቃው ቀኑን ቢያሳልፍ፣ ነጋዴው እስከ መቼ ሊከሰው ይችላል?

ነጋዴ የዕዳውን መክፈያ ቀንና የዕቃውን መድረሻ ቀን በመዝገቡ ጽፎ ይጠብቃል። የክርክሩን ቀን ግን ለጠበቃው አደራ ሰጥቶ ይተኛል። አደራው የተጠበቀ እንደ ሆነ መልካም ነው፤ ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የጠበቃው፣ ኪሳራው የነጋዴው ይሆናል።

በባሕር የመጣ ዕቃ ተበላሽቶ የደረሰውን አስመጪ እንውሰድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ በአጓጓዡ ላይ ክስ ለማቅረብ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በመድን ውል የሚቀርበው ክስም በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት በመደበኛው በሁለት ዓመት ይታገዳል። ተከራክሮ የተረታም ቢሆን ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 326 የደነገገው ነው፤ ይኸውም ይግባኙ የዘገየው በጠበቃው ጉድለት እንደ ሆነ፣ ይህ እንደ በቂ ምክንያት አይቈጠርም። ስለዚህ ባለጉዳዩ «የዘገየው ጠበቃዬ ነው» ቢል የተዘጋው በር አይከፈትለትም። የሚቀረው ካሳውን ከጠበቃው መጠየቅ ነው።

ይህን ለመጠየቅ ሕጉ ስንት ጊዜ ይሰጠዋል? በነጋዴውና በጠበቃው መካከል ያለው ግንኙነት ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር ለውል ጥያቄዎች የ10 ዓመት ይርጋ ይወስናል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ግን በቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለ ባለሙያ ጥፋት የሚናገረው ቁጥር 2031 የሚገኘው በዚሁ ከውል ውጭ ባለው ክፍል ስለ ሆነ፣ ተከሳሹ «የሚያግደው የሁለቱ ዓመት ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለዚህ ክርክር መልሱ ቁጥር 2037 ነው፤ ውልን አለመፈጸም በውል ሕግ እንዲዳኝ ያዛልና። ሆኖም ጥበበኛ ነጋዴ ሁለት ዓመት ብቻ እንዳለው ቈጥሮ ይነሣል።

የይርጋውንም መነሻ ማወቅ ያስፈልጋል። በውል ረገድ ጊዜው መቈጠር የሚጀምረው በውሉ የተገኘውን መብት ለመሥራት ከተቻለበት ቀን ነው፤ ነጋዴው ነገሩን የሰማበት ቀን በድንጋጌው አልተጠቀሰም።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። ለጠበቃው ደብዳቤ መጻፍ፣ ሽማግሌ መላክ ወይም በሥነ ምግባር ጥፋት አቤት ማለት ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። በቁጥር 1851 መሠረት የሚያቋርጠው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ወይም ባለገንዘቡ ክስ ማቅረቡ ነው። ስለ ሆነም ጠበቃው ጥፋቱን አምኖ «እክሳለሁ» ቢል፣ ቃሉን በጽሑፍና በፊርማ መቀበል ይገባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ይርጋ ይቈጠራልና። የቃል ተስፋ ግን ቀርቶ ከተካደ ማስረጃ የለውም።

የጠበቃው ጥፋት መረጋገጡም ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። ክሱ ወይም ይግባኙ በጊዜው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ያገኝ የነበረውን ጥቅም ማስረዳት ይኖርበታል። ስለዚህ የመርከብ ጭነት ሰነዱን፣ የመድን ውሉን፣ የውክልና ሥልጣኑንና ለጠበቃው የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ቅጂ ይዞ መቈየት ግዴታው ነው።

እንግዲህ የዕለት መዝገቡን የሚጠብቅ ነጋዴ ለክርክሩም አንድ ገጽ ይክፈት፤ ፍርድ የተሰጠበትን፣ ይግባኝ የሚያበቃበትንና ይርጋ የሚሞላበትን ቀን ይጻፍበት፤ ከጠበቃውም ዘንድ እየሄደ ይጠይቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንበት፣ ጩኸቱን ቀኑ ሳያልፍ ያሰማ።